ክራር በጥሩወርቅ ደጃፍ

«አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ መሀል ጣት፣ ተመልሶ ሌባ ጣት።» ደሳለኝ ይህቺን የክራር ድርደራ ለመልመድ ሁለት ወር ፈጀበት። ሁለት ወር ሙሉ! ዋጃ ከተማ ያለው አስተማሪው ዘካሪያስ «ምነው፣ ጣትህን ጅብ በልቶታል እንዴ?» እያለ ተሳለቀበት። እሱ ግን እልኸኛ ነው፤ ማሽላ መሀል ተደብቆ፣ ጣቶቹ ሳያዛቸው መሄድ እስኪጀምሩ ለፋ።

መደበቁ ወዶ አይደለም። ታላቅ ወንድሙ በመስኖ ውኃ ጠብ ከተገደለ ሦስት ዓመቱ ነው። በነሱ ሰፈር ደም ያልተመለሰበት ቤት ክራር አይነካም። ከነካ «ታርቀናል፣ ደሙን ትተነዋል» ማለት ነው፤ በዚህ የሚቀልድ ሰው የለም። ገዳዩ፣ እንዳለው የሚባለው ጎረቤታቸው፣ አፋር በረሃ ተሸሽጎ የሚጠብቀውም ይህንኑ ወሬ ነበር። ሚስቱ ፀዲ ከነደሳለኝ አጥር ማዶ ልጆቿን ይዛ ቀርታለች።

እንግዲህ አንድ ቀን ከሰዓት እናቱ ጥሩወርቅ ክራሩን ከተደበቀበት አውጥታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

«ተጫወት ልጄ። በቃኝ፤ እኔም ደክሞኛል።»

ደሳለኝ ጉልበቷን ስሞ አለቀሰ። በገዛ ቤቱ እንደ ሰው ቁጭ ብሎ መጫወት፣ ሌላ ምን ይፈልግ ነበር! ከዚያ በኋላ በየቀኑ ደጃፍ ላይ ሲደረድር ዋለ። እናቱም «ከፍ አድርገው እንጂ፣ ማዶ ይሰማ» ትለው ነበር። በአራተኛው ቀን ፀዲ ከአጥሩ ማዶ ሆና «እግዜር ይስጥዎ እማማ! ደውዬለታለሁ፣ ነገ ይገባል» ብላ ተንሰቀሰቀች።

«እሰይ፣ ይግባ» አለች ጥሩወርቅ።

በማግስቱ አጎቱ አራጌ ከሮቢት መጣ። ሰላምታ እንኳ አልሰጠም። ደሳለኝ እየደረደረ ሳለ ከግቢው በር ኋላ ተቀመጠና ከጋቢው ውስጥ ክላሽ አወጣ።

ደሳለኝ ክው አለ። «እማ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ጣትህን አታቁም» አለችው፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ካቆምክ ሰውዬው ይጠረጥራል።»

ወይ እናት! ጣቶቹ እኮ እየሄዱ ነው፤ እነሱን ያስፈራቸው ነገር የለም። ባጃጅ መንገዱ ዳር ቆመች። ከማዶ «አባዬ መጣ!» የሚል የሕፃን ጩኸት ተሰማ። አራጌ በበሩ ክፍተት አነጣጠረ።

ደሳለኝ ክራሩን ድንጋይ ላይ ፈጠፈጠው። «እንዳለው! ሽሽ! ደሙን አልተውነውም፣ ሊገድሉህ ነው!»

እንዳለው ዘሎ ባጃጇ ውስጥ ሲገባና እሷም ዞራ ወደ አስፋልቱ ስትከንፍ ተሰማ። አራጌ ክላሹን አላስቀመጠም፤ ቀስ ብሎ ወደ ደሳለኝ ዞረ። ጥሩወርቅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደጃፉ ላይ ተቀመጠችና «ደሳለኝ ልጄ፣ ወየው ልጄ» እያለች ደረቷን ትደቃ ጀመር። ልጇ ፊቷ ቆሞ ነበር።