አባቴ ያቆመበት መሥመር

የኔታ ገብረ ኢየሱስ የመጣሁበትን ጉዳይ ተናግሬ እስክጨርስ አደመጡኝ። ቤተ ልሔም በምትባለው የገጠር ደብር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በስተጀርባ፣ ሃምሳ ዓመት ያህል የሐዲስ ኪዳን ትርጓሜ አስተምረዋል። እኔ በዩኒቨርሲቲ የጽርዕ፣ ማለትም የጥንቱ ግሪክ፣ ቋንቋ ተማሪ ነኝ፤ የመመረቂያ ጽሑፌም በአንድ ግስ ላይ ነው።

«ግሱ ‹ሜኖ› ይባላል፣ የኔታ። መቆየትም፣ መኖርም፣ ጸንቶ መቅረትም ይሆናል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ ዐሥራ አምስት ‹በእኔ ኑሩ› የሚለው ትእዛዝ ከዚሁ ግስ ነው። ጽርዑ ለትእዛዝ ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ ድርጊቱን ሲቀጥል ያሳያል፣ ሌላው እንደ አንድ ሙሉ ነገር ይይዘዋል። እዚህ የገባው ሁለተኛው ነው። አማካሪዬ የእኛ ሊቃውንት እንዴት እንደሚፈቱት ጠይቀሽ ነይ ብለውኛል። ሰኞ ካላስረከብሁ ምረቃዬ ለከርሞ ይተላለፋል።»

«ጥሩ ግስ ነው» አሉ የኔታ። «ቦታሽ የት ነው?»

ከጎናቸው የተቀመጠው ፍሬው የተባለ ተማሪ ሳቀ። «የት አቁመሻል ማለታቸው ነው፣ እኅቴ። እዚህ ማንም ካቆመበት ዘሎ አይማርም። እኔ ታምሜ ክረምቱን ሙሉ ብቀር፣ መስከረም ላይ የተነሣሁት ከዚያችው መሥመር ነው። አንቺ በአንዴ ዐሥራ አምስት? ፈረስም እንዲህ አይዘልም!»

«አልጀመርሁም» አልሁ።

«እንግዲያ ከአንድ ነዋ» አሉ የኔታ።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር፤ አውቶቡሴ ዓርብ ጧት ከአርብ ገበያ ከተማ ይነሣል። ይህንኑ ብነግራቸው፣ «ወንጌሉ የትም አይሄድ» አሉ። ከዚያም፣ «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

«የአስቻለው። መካነ ኢየሱስ ከተማ አስተማሪ የነበረው። ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው።»

የኔታ ጭራቸውን ከጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «አስቻለው እኮ የእኔ ተማሪ ነበር። እናቱ ታማ ሰው ተላከበት። እመለሳለሁ ብሎኝ ሄደ።»

ይህን አላውቅም ነበር። አባቴ ስለ ልጅነቱ አያወራም። ነገር ግን አብረን ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ የዮሐንስን ወንጌል ከነትርጓሜው በቃሉ ይወጣው ነበር። ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ጌታን «ወዴት ትኖራለህ?» ብለው ከጠየቁበት ሲደርስ ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ልጅ ሳለሁ ምዕራፉ እዚያ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር። ካደግሁ በኋላ የረሳው መሰለኝ። አንድም ቀን አልጠየቅሁትም።

«አባቴ ይለው የነበረውን በቃሌ ይዤዋለሁ» አልሁ።

«እስቲ በዪው።»

ጀመርሁ። ሁለት ቦታ አረሙኝ። ዜማው የእኔ አልነበረም፤ በትምህርት ቤታችን መንገድ ከድልድይ ወዲያ ያለውን ዳገት ስንወጣ አባቴ ትንፋሹን በሚሰበስብበት ቦታ ሁሉ እኔም ሰበሰብሁ። ጥያቄው ላይ ስደርስ ቆምሁ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለኝም።

«አዎ፣ ከዚህ ነው የሄደው» አሉ የኔታ በቀስታ።

መልሱን እንዳነበበ ሰው ሁሉ አውቀዋለሁ፤ መጥተው እንዲያዩ ነገራቸው፣ ሄደው አዩ፣ ያን ቀንም ከእርሱ ዘንድ ዋሉ። በጽርዑ «ዋሉ» ለሚለው የቆመው ያው የእኔ ግስ ነው። በጽሑፌ ውስጥ ግን አንዲት የግርጌ ማስታወሻ ብቻ ሰጥቼው ነበር።

«የአባትሽ ቦታ ላንቺ ይሁን» አሉኝ። «ነገ ከዚህ ትነሻለሽ። ዐሥራ አምስት ግን ለዓርብ አይደርስልሽም፤ አላታልልሽም።»

«መቼ ይደርሳል፣ የኔታ?»

«ከተጋሽ፣ ለትንሣኤ።»

«ከተጋች ነው ያሉት!» አለ ፍሬው።

ስልክ ወደሚሠራበት ጉብታ ወጥቼ ለአማካሪዬ ደወልሁና ሰኞ እንደማልደርስ ነገርኋቸው። ምን እንዳገኘኝ ጠየቁኝ። «ትምህርት ጀምሬአለሁ» አልኋቸው።

በማግሥቱ ጧት ፍሬው ከመቀመጫው ፈቀቅ ብሎ ቦታ ሰጠኝ። የደቀ መዛሙርቱን ጥያቄ አሰማሁ። የኔታ መልሱን ቃል በቃል፣ በየመካከሉ ቆም እያሉ ሰጡኝ፤ እኔም እየተከተልሁ ደገምሁት።