የእጅጋየሁ ለቅሶ

ከወገዳ ከተማ የመጡ ለቀስተኞች «እጅጋየሁ፣ እጅግዬ» እያሉ ድንኳኑ ውስጥ ሲገቡ እጅጋየሁ እናቷ አጠገብ ተቀምጣ ትቆጥራቸው ነበር። ሰባት ናቸው። አምስቱ ከልባቸው ያለቅሳሉ።

ከትናንት በስቲያ የተቀበረችው ታናሽ እህቷ ፋንቱ ናት። የአገሩ ሰው ይህን ያውቃል፤ እናቲቱ ሐረገ ወይን ስለለመነችው ግን ስም ሳይጠራ «እህቴን፣ እህቴን» ይላል። እጅጋየሁ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አልዘቀዘቀችም። ሴቶቹ አይተው ተንሾካሽከውባታል።

የዛሬ ስምንት ዓመት አሥረኛ ክፍልን እንዳለፈች ታይፎይድ ጣላት። ስትነሳ የምስክር ወረቀቷ ሳጥኑ ውስጥ አልነበረም። አብራት ተፈትና የወደቀችው ፋንቱም ቤት አልነበረችም። የሳጥኑ ቁልፍ እናቷ አንገት ላይ ይውላል። በሁለተኛው ዓመት ንፋስ መውጫ ሄዳ ለጤና ሥልጠና ልትመዘገብ ስትል፣ ጸሐፊው መዝገብ አገላብጦ «እጅጋየሁ አያሌው ሠልጥና ወገዳ ሥራ ላይ ናት። አንቺ ማነሽ?» አላት። ማመልከቻ ጻፈች። እናቷ «እህትሽን ልታሳስሪ?» ብላ እግሯ ላይ ወደቀች። ማመልከቻው ሳይገባ ቀረ፤ አልቀደደችውም።

«ሁለት ቀበሌ በእግሯ አቋርጣ መጥታ አዋልዳኛለች» አለች አንዷ የወገዳ ሴት። «ልጄንም እጅጋየሁ ብያታለሁ።»

እጅጋየሁ ጥርሷን ነከሰች። ፋንቱ ስሙን ሰርቃ ብትባልግበት ኖሮ እሷን መጥላቱ በቀለላት።

የሟች የሥራ ባልደረባ ደጉ ከኪሱ ወረቀት አወጣ። «መሥሪያ ቤት የላከው የሞት ማረጋገጫ ነው። ሟች እጅጋየሁ አያሌው ይላል። እህት ካለች እዚህ ጋ ትፈርም።»

«ፋንቱ፣ ፈርሚለት» አለች ሐረገ ወይን ፊቷን ወደ እጅጋየሁ አዙራ።

«ማን?»

«ፋንቱ ሁኚ» አለች እናቲቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ምን ይጎድልብሻል? ሌባ ተብላ እንዳትነሳብኝ።»

«እዚህ ወረቀት ላይ የምሞተው እኔ ነኝ፣ እማዬ።» ወደ ንስሐ አባታቸው ዞረች። «አባ ወልደ ገብርኤል፣ ፍትሐቱን ለማን ፈቱ?»

«ለወለተ ኪሮስ።»

«ወለተ ኪሮስ ማናት?»

«አባ፣ ይተዉ» አለች ሐረገ ወይን።

«የንስሐ ምሥጢር እኮ አይደለም፣ የክርስትና ስም ነው» አሉ ቄሱ። «ወለተ ኪሮስ ፋንቱ ናት። አንቺ ወለተ ሐና ነሽ። ሁለታችሁንም ያጠመቅኋችሁ እኔ ነኝ። እግዚአብሔር ፊት በሌላ ስም አልጠራኋትም፤ ለመሥሪያ ቤት ብዬ አልዋሽም።»

ደጉ እጅጋየሁን ትኩር ብሎ አያት። «አንቺስ ማነሽ?»

«እጅጋየሁ አያሌው።» ዳሩ የተበላውን ማመልከቻ ከጉያዋ አውጥታ ጉልበቱ ላይ አኖረችለት። «ይኸውና። ስድስት ዓመቱ ነው።»

«ይሄ ፖሊስ ጋ ነው የሚሄድ።»

«ይሂድ። አባም ይመሰክራሉ።»

«የሞተችውን ልትከሺ?» አለች እናቷ።

«ስሜን ላስመልስ።»

«እና የኔ ልጅ በማን ስም ነው የምትጠራው?» አለች የወገዳዋ ሴት።

እጅጋየሁ ብዕሩን ተቀብላ የሟች ስም ከሚለው ጎን የተጻፈውን ሰረዘች፣ ከላዩም «ፋንቱ አያሌው» ብላ ጻፈች። ከታች ስሟን ጽፋ ፈረመች። ብዕሩን ስትመልስ ዓይኗ ወደ ጻፈችው ተመለሰ። ሦስት ቀን ሙሉ ያን ስም ጠርቶ ያለቀሰ አልነበረም።

«ፋንትዬ» አለች።

ከዚያ ነጠላዋን አውልቃ ዘቀዘቀችና፣ ጥለቱን ወደ ፊቷ አድርጋ ለበሰችው።