የእስከዳር አክስት

ሐኪሙ ለእስከዳር እናት ያዘዘላቸው መድኃኒት ፋርማሲ የሚሸጥ አልነበረም። «የደሴ ብርድ ለሳንባዎ አይሆንም፤ ቆላ ይውረዱ» አላቸው። ለደሴ ሰው ቆላ ማለት ኮምቦልቻ ነው። እስከዳርም በየቀኑ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ እየወረደች እዚያው ፋብሪካ ትሠራለች። አንድ ክፍል ቤት መከራየት ምን ያቅታል?

አቃተ እንጂ። ቤት ፈላጊ ከሙሽራ በላይ ይመረመራል። ደላላው ጋሹ ሰባት ግቢ አዞራት፤ በሰባቱም የመጀመሪያው ጥያቄ «ከማን ጋር ነሽ?» ነበር። «ከእናቴ ጋር፤ ትንሽ ያማታል» ስትል ፊት ይጠቁራል። ክፋት ብቻ አይደለም። ተከራይ ሲሞት ድንኳኑ የሚተከለው አከራዩ ግቢ ነው፤ ለቀስተኛውም የሚጎርፈው እሱ ደጅ ነው። አንዷማ «እኔ ለራሴም ሞት ቦታ የለኝ» ብላ በሩን ዘጋችባት።

«አንቺ ልጅ፣ እውነት ተናግሮ ቤት ያገኘ አይቼ አላውቅም» አላት ጋሹ። «ብቻዬን ነኝ በይ። ከዚያ አክስቴ ለሕክምና መጣች ብለሽ ታስገቢያታለሽ። እንግዳ ማን ይከለክላል?»

ስምንተኛው ግቢ የእትዬ ጣይባ ነበር።

«ከማን ጋር ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«እናትሽስ?»

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ጋሹ ያላስተማራት መልስ ከአፏ አመለጣት።

«ሞታለች።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እትዬ ጣይባ «አላህ ይዘንላት፤ አብሽሪ የኔ ልጅ» ብለው ቁልፉን ሰጧት።

እናቷ ወይዘሮ አረጋሽ ይህን ሲሰሙ አልተቆጡም። ሳቁ፤ ሳቁም ወደ ሳል ተለወጠ። «አክስትነትስ ቀላል ነው፤ እናትነቱ ነው ያደከመኝ» አሉ። በወሩ አክስት ሆነው ገቡ። እትዬ ጣይባ «ልጅ አልወለዱም?» ብለው ሲጠይቋቸው እስከዳር ልብስ እያሰጣች ሰማች።

«እግዜር አልሰጠኝም» አሉ እናቷ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ያለው ሰው ቤት ተከራይቶ አያውቅም። የእስከዳር ውሸት እያደር ከበደ። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ሹክሹክታም ያሳልፋል። ስለዚህ እናቷ «ብቻችንን ስንሆንም አክስቴ በዪኝ፤ አፍሽ ይልመድ» አሏት። አፏም ለመደ። ሙቀቱ ሳሉን አስታገሰላቸውና ሁለት ወር ደህና ሰነበቱ። ከዚያ እግራቸው አበጠ፤ አልጋ ያዙ።

አንድ እሑድ ረፋዱ ላይ እጇን ያዟት።

«ዛሬስ አንዴ እማዬ በዪኝ። ናፈቀኝ።»

እስከዳር አፏን ስትከፍት በሩ ተንኳኳ። እትዬ ጣይባ የአጃ አጥሚት ይዘው ደጃፉ ላይ ቆመዋል።

«እሺ አክስቴ፣ ቆይ» አለች።

እናቷ ዓይናቸውን ጨፍነው «ይሁን» አሉ። አጥሚቱን ሳይቀምሱ፣ ከሰዓት በኋላ ነፍሳቸው ወጣች።

ድንኳኑን ያስተከሉት እትዬ ጣይባ ናቸው። መንደሩ ለአክስት የሚለቀሰውን ያህል አልቅሶ ወደየቤቱ ሄደ። እስከዳርም ከሰው ፊት «አክስቴ፣ አክስቴ» እያለች አለቀሰች፤ ከዚህ በላይ ምን ውርደት አለ? በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲፈርስ እትዬ ጣይባ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ።

«እናትሽ ነበሩ» አሏት ቀስ ብለው።

እስከዳር ቀና ማለት አቃታት።

«የገቡ ሰሞን ነው ያወቅሁት። ከሥራ ስትገቢ እጅሽን እያገላበጡ ያዩ ነበር። እንዲያ የምታይ እናት ናት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

«ወላሂ፣ ራስሽ እስክትነግሪኝ ብዬ ነው። እንዳላሳፍርሽ ብዬ።»

አከራዮች ሁሉ የፈሩት ድንኳን ተተክሎ ተነሥቷል፤ ለእሷ ግን ከቤቱ በቀር የቀራት የለም። እስከዳር ተነሥታ ክፍሏ ገባች። የእናቷ ፍራሽ ተጠቅልሎ ጥግ ቆሟል። «እማዬ» አለች፤ መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ከዚያ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ ደጋግማ።

«ወዬ» የሚላት ግን አልነበረም።