የታጠበችው ስሪ

የአዲስ ዓመቱ መጀመሪያ የሆነው የሱሮ ወር ከመግባቱ በፊት፣ የሩዝ አምላክ የሆነችው እመቤት ስሪ በትሮውላን መንደር፣ በቱሚራ ጓዳ፣ ከሩዝ ጆንያዎቹ ራስጌ ቆማ ነበር። የጥንት ሰዎች የሠሯት፣ ቁመቷ አንድ ስንዝር የሆነ የሸክላ ምስል ናት። ቀኝ እጇ ከክርኑ ተሰብሯል። ፊቷ ግን ምንም አልጎደለውም፤ አፍንጫዋ ቀጥ ያለ፣ የታችኛው ከንፈሯ ወጣ ያለ፣ በግራ ጉንጯ ላይ ትንሽ ስርጉድ አለባት።

ያገኛት የቱሚራ ባል ሳኪማን ነው፤ ለጡብ የሚሆን ጭቃ ሲቆፍር። ያን ጊዜ ልጃቸው ላስሚ በሕይወት ነበረች። ከምስሏ አጠገብ ቁጢጥ ብላ፣ ከንፈሯን አሹላ፣ «እኔን እኮ ነው የሠሩት!» ስትል ቤቱ በሳቅ ሞላ። ላስሚን ወባ ከወሰዳት ሦስት ዓመት አልፏል። ፎቶግራፍ ሳትነሳ ነው የሞተችው። የልጇ መልክ ሲጠፋባት ቱሚራ የስሪን ፊት ልታይ ጓዳ ትገባለች።

ሱሮ ሲገባ መንደሩ የአያት ቅርሱን ያጥባል። ሳኪማን የአባቱን ጩቤ ዝገቱ እንዲለቅ ሊነክርበት የኮኮናት ውሃ ሲቀዳ፣ ጎረቤታቸው ዋጊራ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«እትዬ ቱሚ፣ ጩቤው ገላውን ሲታጠብ እመቤቲቱ በአቧራዋ ትቀመጥ? እኔ ስሪን ብሆን ሩዜን ይዤ እጠፋ ነበር!»

«አንቺ መጀመሪያ ባልሽን እጠቢ!»

ሁለቱም ሳቁ። ነገሩ ግን ቱሚራ ሆድ ውስጥ ቀረ። ልጇን በአቧራ ያስቀመጠቻት መሰላት።

«የላስሚ አባት፣ እሷም ትነከር።»

«ሸክላ እኮ ናት።»

«ቅርስ ናት። ቅርስ እንዴት እንደሚታጠብ አባትህ አላሳየህም?»

ሳኪማንን አባቱ ያሳየው ይህንኑ፣ በኮኮናት ውሃ መንከርን ነበር።

ስሪ ከጩቤው ጎን በኮኮናት ውሃ ውስጥ አደረች። ጠዋት ቱሚራ ሎሚ ቆርጣ፣ ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው እያባበለች ፊቷን አሸቻት። ውሃው ቀላ፤ የጩቤው ዝገት መሰላት። ምንጣፍ ላይ፣ ፀሐይ ፊት ባቆመቻት ጊዜ ግን የምስሏ ፊት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳ ጀመር። መጀመሪያ ከንፈሯ፣ ከዚያ አፍንጫዋ ረገፈ።

«የላስሚ አባት! ድረስ!»

ሮጦ መጣ። «አትንኪያት፤ ትድረቅ።»

«ስርጉዷ በየት በኩል ነበር?»

«በግራ።»

«የላስሚስ?»

ሳኪማን ጣቱን መጀመሪያ ወደ ግራ ጉንጩ፣ ከዚያ ወደ ቀኙ ወሰደ።

ቱሚራ ተንበርክካ ከምንጣፉ ላይ የረገፈውን አፈር በጣቷ ጠርጋ ሰበሰበችው። አንድ የሻይ ማንኪያ አልሞላም።