የኛቦል እናት አሳ በምን ጭስ ደረቀ?

ዳምጠው የተበላሸ ዕቃ ሲያይ እጁ አርፎ አይቀመጥም። በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ፣ አማራት ሰፈር ባለ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የሬዲዮና የኮምፒውተር ቴክኒሻን ነው። ከሥራ ወጥቶ ኮር ዊሊያም ሰፈር ካለው ቤቱ ሲደርስ ግን መጋዙንና መላጊያውን በረንዳ ላይ ዘርግቶ ሌላ ሰው ይሆናል። ከማሸጊያ ሳንቃ መደርደሪያ ሠርቷል፤ ከወዳደቀ የላፕቶፕ ባትሪ መብራት ሠርቷል፤ አንድ ቀንም አዋዜ በማሽን ልፍጭ ብሎ የጎረቤት ጁስ መፍጫ አቃጥሏል።

ደቡብ ሱዳን ነፃነቷን ባወጀች በዓመቱ ናፍጣ ጠፋና የግቢው ጄኔሬተር በቀን ሦስት ሰዓት ብቻ ይነሳ ጀመር። ከኮኞ ኮኞ ገበያ የተገዛ አሳ ማቀዝቀዣ ውስጥ አድሮ ይሸታል። ጎረቤቶቹ አሳ መግዛት ተዉ። ዳምጠው ግን ‘ታዲያ ማቀዝቀዣ ሳይኖር ሰው አሳን እንዴት ያቆየው ነበር?’ እያለ ሲያሰላስል ሰነበተና አንድ ሳጥን ሠራ።

ሳጥኑ ቁመቱ እስከ ደረቱ ይደርሳል። ውስጡ ሦስት የሽቦ ወንፊት ተደርድሯል፤ ከሥር ሰጋቱራ የሚጨስበት የቆርቆሮ መሳቢያ አለው። ከተጣለ ኮምፒውተር የነቀላትን ማራገቢያ ጎኑ ላይ ገጥሞ በመኪና ባትሪ አስነሳት። ሙቀቱ ሲወርድ ማራገቢያዋ ራሷ ተነስታ ፍሙን ትቀሰቅሳለች፤ ሲበዛ ትተኛለች። ሰጋቱራውን ያገኘው ሀይ ጀላባ ሰፈር የእንጨት ሥራ ቤት ካለው ከደሴው ልጅ ከያህያ ነበር።

የመጀመሪያውን አሳ ሰኞ ዕለት ቢሮ ይዞ ሄደ። ቀድማ የቀመሰችው የመጋዘን ኃላፊዋ ኛቦል ናት። ኛቦል ኢታንግ የስደተኞች ካምፕ ተወልዳ፣ እናቷ ስትሞት በአስራ አንድ ዓመቷ አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ የገባች፣ ከነፃነት በኋላ ወደ አገሯ የተመለሰች ሴት ናት። አንድ ጊዜ አላመጠችና ቆመች።

“ዳምጤ፣ ይሄን አሳ ቫርኒሽ ቀብተኸዋል እንዴ?”

ቢሮው በሳቅ ተሞላ። ዳምጠውም ሳቀ። ኛቦል ግን ወዲያው ፊቷ ተለወጠ።

“የእናቴ አሳ እንዲህ አልነበረም” አለች።

“እሷ በምን ነበር የምታደርቀው?”

“በጭስ ነዋ።”

“የምን ጭስ?”

“አላውቅም” አለች ኛቦል። “ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ምን እንደነበረ ግን አላውቅም።”

ዳምጠው የዚያን ቀን ሥራ አልሠራም ማለት ይቻላል። ከቢሮ ወጥቶ በቀጥታ ያህያ ዘንድ ሄደ።

“ሰጋቱራውን ለየብቻ ስጠኝ። የማንጎውን ለብቻ፣ የማሆጋኒውን ለብቻ፣ የቲኩን ለብቻ።”

“ወንድሜ፣ እኔ አናጢ ነኝ እንጂ ቅመም ነጋዴ ነኝ?” አለ ያህያ። ቢሆንም ከረጢት ፈልጎ ይሰፍርለት ጀመር። “ቲኩን ተወው። ስንሰነጥቀው አቧራው ጉሮሮ ይከረክራል። ያመረረብህ እሱ ይሆናል።”

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የኮር ዊሊያሙ በረንዳ ይጨስ ነበር። ዳምጠው የእንጨቱን ዓይነት፣ ሙቀቱን፣ የፈጀውን ሰዓት፣ የአሳውን ቀለም በደብተር ይጽፋል። ኛቦል የተገለበጠ ጄሪካን ላይ ተቀምጣ ትቀምሳለች። የማንጎው ለስላሳ ሆኖ ወጣ። “ይጣፍጣል፤ ግን አይደለም” አለች። የማሆጋኒውን ገና ስታሸተው ራሷን ነቀነቀች። የእርጥቡ ግራር ዓይን አስለቀሰ እንጂ ሌላ ነገር አላመጣም። በሮቃ ዛፍ እንጨት የተጨሰውን ስትቀምስ ዓይኖቿን ጨፈነች፤ ዳምጠው እስክሪብቶውን ደብተሩ ላይ ደቀነ።

“አይደለም” አለች።

በሰባተኛው ቅዳሜ ሳትቀምስ ሳህኑን መለሰችለት።

“ተወው ዳምጤ። የረሳሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ‘አይደለም’ ባልኩ ቁጥር እሷን ትንሽ የማጠፋት ይመስለኛል።”

ዳምጠው ደነገጠ። እሱ ጥያቄ ሲፈታ የነበረ መስሎት፣ የሰው ቁስል ሲነካካ ከርሟል። ደብተሩን አጠፈና አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ። ዝናብ ሊመጣ ደመናው ከብዷል። ከዚያ ግን ያ አርፎ የማይቀመጠው ነገር አላስችል አለውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ።

“ጣዕሙን ተይው እሺ። እናትሽ አሳውን ስታደርቅ አንቺ የት ነበርሽ? ምን እየሠራሽ?”

“እኔማ አለቅስ ነበራ” አለች ኛቦል።

“ለምን?”

“አሻንጉሊቶቼን ትማግድብኝ ነበር! ጨርቅ አልብሻቸው፣ ስም አውጥቼላቸው፣ ጠዋት ስነሳ ከአሳው ሥር...”

“አሻንጉሊቶችሽ ከምን የተሠሩ ነበሩ?”

ኛቦል ቀስ ብላ ወደ እሱ ዞረች። “ከቆረቆንዳ” አለች። “ከበቆሎ ቆረቆንዳ።”

ሁለቱም እኩል ከተቀመጡበት ተነሱ።

ጊዜው የበቆሎ ጊዜ ነበር። ወደ ሀይ ጀላባ በሚወስደው መንገድ ዳር እሸት የሚጠብሱ ሴቶች ተደርድረዋል። ዳምጠው ከሥራ ሲወጣ ማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ተበልቶ የተጣለውን ቆረቆንዳ ይለቅም ጀመር። አንዷ ጠባሽ አላስቻላትም። “ኢታ አውዙ ዴ ሌ ሹኑ?” ብላ ለምን እንደፈለገው ጠየቀችው። “ሌ ሳማጋ” አላት፣ ለአሳ ነው ለማለት። ሴትየዋ ወደ ጓደኛዋ ዞራ ይሄ ሐበሻ አሳን ቆረቆንዳ ሊያበላ ነው ብላ ጮኸች፤ መንገዱ በሙሉ ሳቀበት።

ዝናቡ ፋታ በሰጠ ቁጥር ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ እያሰጣ ሁለት ሳምንት አደረቀው። ያም ሆኖ የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ቆረቆንዳው በማራገቢያዋ ነፋስ እየነደደ አሳውን አከሰለው። ዳምጠው ያን ያህል የደከመባትን ማራገቢያ ራሱ ነቀላት፤ መሳቢያውን በእርጥብ ጆንያ ሸፈነው። ጭሱ ወፍሮ፣ ቀዝቀዝ ብሎ፣ ትንሽ እየጣፈጠ መውጣት ጀመረ።

ኛቦል ስትመጣ የግቢውን በር ከፍታ አልገባችም። እጀታውን እንደያዘች ቆመች።

“ግቢ እንጂ” አላት ዳምጠው።

“ቆይ” አለች። “ትንሽ ቆይ።”

ከገባች በኋላ ከላይኛው ወንፊት አንድ ቁራጭ በእጇ አነሳች። ዳምጠው አልጠየቃትም፤ ደብተሩንም አላወጣም። በልታ ጨርሳ ሁለተኛ አነሳች። ሦስተኛውን ስታነሳ ነው እንባዋ የወረደው። “ይኸው ነው” ብላ አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ቀጥሎ የሳጥኑን በር ከፍታ ቆረቆንዳው እንዴት እንደተደረደረ፣ ጆንያው ምን ያህል እንደረጠበ፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀ አንድ በአንድ ጠየቀችው። በዚያው ሳምንት ያህያ ለሷም ሳጥን ሠራላት፤ ማራገቢያ የሌለው።

ለገና ታላቅ እህቷ ከማላካል መጣች። ኛቦል ምንም ሳትነግራት አሳውን አቀረበችላት። እህቷ ቀመሰች፣ ጮኸች፣ ኛቦልን አንገቷን አቀፈች። ወዲያው ደግሞ እንደገና ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች። ሁለቱ በኑዌርኛ ይከራከሩ ጀመር፤ አንዷ በጣቷ ትቆጥራለች፣ ሌላዋ ራሷን ትነቀንቃለች።

“ምን አለች?” አለ ዳምጠው።

“የእናታችን አሳ ጨው ይበዛበት ነበር ትላለች። ውሸቷን ነው።”

“በስንት እጅ ይበዛ ነበር?” አለ ዳምጠው፣ ወንበሩን ወደ እህትየው እያስጠጋ።