የላጢፋ የመጀመሪያ ተማሪ

«አንቺ ልጅ፣ ከቆምሽ አይቀር ብርጭቆ ሰብስቢ» አለቻት አንዷ ጎረቤት። ላጢፋ ሰበሰበች። ሠልስቱ ላይ ማን እንደሆነች የጠየቃት የለም። የሟች ዘመድ አይደለችም፣ የእሷ ቤተሰቦች ቤትም ራቅ ብሎ በሰቃ መውጫ በኩል ነው። ማልቀስ ፈልጋ፣ ማን ነኝ ብዬ ላልቅስ ትላለች።

ሟቹ ጋሽ ገብረጻድቅ የፋብሪካ ዘበኛ፣ ለእሷ ደግሞ ተማሪዋ ነበሩ።

ባለፈው ክረምት ለመሠረተ ትምህርት በጎ ፈቃደኛ ሲፈለግ እጇን ያወጣችው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከቤት ለመራቅ ነው። ሚኒስትሪ ከወደቀች ወዲህ ሹፌሩ አባቷ «ይቺማ ለምንም አትሆን» ብለው ላገኙት ሁሉ አውርተዋል። በመጀመሪያው ቀን ቀበሌው አዳራሽ ጠመኔ ይዛ ብትቆም አንድም ሰው አልገባም። ትልልቁ ሰው ደጅ ተኮልኩሎ፣ በዚች ልጅ ልንማር ነው እያለ ይስቃል። ጋሽ ገብረጻድቅ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ሰዉን ሰንጥቀው ገቡና ፊት ለፊቷ ተቀመጡ።

«ይጀምሩ፣ የኔታ» አሏት።

በማግስቱ ሳቂዎቹም ገቡ። ላጢፋ ከዚያ ወዲህ ቀና ብላ መሄድ ጀመረች። ጋሽ ገብረጻድቅ ፊደል አጣመው ሲጽፉ እጃቸውን ይዛ ታቃናለች፣ ሲንተባተቡ ትታገሳለች፣ ሲሰንፉም ትቆጣለች። የክረምቱን ማጠቃለያ ፈተና ያለፉ ቀን አባቷ ያሉት ሁሉ ውሸት መሰላት። እኚህን ሰውዬ ያስተማርኩ እኔ ነኝ፣ እንዴት ለምንም አልሆንም?

«ገብረጻድቅ እኮ በልጅነቱ ዳዊት የደገመ ነው» አሉ አብሮ አደጋቸው አቶ አያና፣ ለለቀስተኛው ሲያወሩ። «አንድ ላይ ነው ቄስ ትምህርት ቤት ያደግነው። እስከ ዕለተ ሞቱ ሳያነብ አይተኛም ነበር።»

ላጢፋ ፊቷ በእፍረት ጋለ። አዝነውልኝ ነው ለካ። ትሪውን አስቀምጣ ወደ በሩ ስትሄድ፣ ባለቤታቸው እትዬ ብዙወርቅ ከተቀመጡበት ፍራሽ ሆነው ጠሯት።

«ላጢፋ! ወዴት ነው?»

ስሟን በማወቃቸው ደነገጠች። ተመልሳ አጠገባቸው በርከክ አለች።

«እትዬ፣ ማንበብ ይችሉ ነበር እንዴ?»

«ይችል ነበር፣ ልጄ። አንዲት ልጅ ለባዶ ወንበር ቆማ ሳይ አላስቻለኝም አለኝ። ለአንድ ቀን ብሎ ነው የገባው።»

«ታዲያ ለምን ክረምቱን ሙሉ?»

«እኔም ጠይቄዋለሁ። ስታስተምር ደስ ትላለች አለኝ። ሌሎቹን ጎረቤቶቻችንንስ ማን አስተማረ? እሱ ነው?» እትዬ ብዙወርቅ ዓይናቸውን ጠረጉ። «እኛ ልጅ አልወለድንም። ማታ ሲገባ ያንቺን ወሬ ነው የሚያመጣልኝ። ዛሬ ተቆጣችኝ፣ ዛሬ ጎበዝ አለችኝ እያለ…»

ላጢፋ ያን አዳራሽ ናፈቀች። ማስመሰላቸውን እያወቀች እንኳ፣ እጃቸውን ይዛ አንድ ፊደል ብቻ ብታቃናላቸው፣ አንዴ ጎበዝ ብትላቸው ምን አለ!

እትዬ ብዙወርቅ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለው፣ ፍራሹ ላይ ከእህቶቻቸው መሀል ቦታ ለቀቁላት። ላጢፋ ጫማዋን አውልቃ ገባች። «ጋሼን! ጋሼን!» ብላ፣ ሰው ሁሉ እየሰማት አለቀሰች።