እንባ የሚችል ቀለም

«እንኳን ደስ ያላችሁ» አለ አናጢው ከፍያለው፣ ፎቶግራፉን በበሩ ወደሚገባው ብርሃን ከፍ አድርጎ እየተመለከተ። «ሙሽራዋ እህትሽ ናት?»

«ጓደኛዬ ናት» አለች ዙፋን።

ያቀናችው የስህተቱን ግማሽ ብቻ እንደሆነ ወዲያው ገባት። ቀሪውን ልትናገር አፏን ስትከፍት ግን አናጢው ጀርባውን ሰጥቷት ከመደርደሪያው ላይ ጠርሙስ ያወርድ ነበር። ፎቶው ውስጥ ሰርካለም ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ እጇን በእንሶስላ አቅልማ ትስቃለች። ደሴ ላይ ለአጎቷ ልጅ ሠርግ ሚዜ ሆና የተነሳችው ነው። ሌላ ፎቶ ተፈልጎ አልተገኘም።

ዙፋን ከልጅነቷ ጀምሮ የሰውን ስህተት ማረም ያሳፍራታል። ቆይቼ እነግረዋለሁ ብላ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

ቀኑ ዓርብ ስለሆነ የዓረቧ ከተማ የአል ዓይን የሥራ መንደር ጭር ብሏል። ከፍያለው በሳምንቱ ውስጥ በአል ሂሊ ሰፈር ለሚሠሩ ቪላዎች በር ይሠራል፤ ዓርብ ዓርብ ደግሞ ካፊሉ፣ ማለትም ያስመጣው አሠሪው፣ ፈቅዶለት ከተራረፈው ጣውላ ለአገሩ ልጆች ትናንሽ ነገሮች ይሠራል። ፍሬሙን ዙፋን በስልክ ባዘዘችው መሠረት ትናንት ቲክ ከሚባለው ጠንካራ እንጨት ገጣጥሞት አድሯል። መጋጠሚያው የት እንደሆነ በጣት እንኳ አይለይም። የቀረው ቀለሙ ብቻ ነው።

«ጎማ ላካ እቀባልሻለሁ» አለ ጨርቁን እየጠቀለለ። «አልኮል ውስጥ የሟሟ ስለሆነ አንዱን ጎን ሳልጨርስ ሌላው ይደርቃል። ሲያልቅ መስታወት ነው። እዚህ አገር እንደሆነ ማዳሞቹ በሩ ላይ ኩላቸውን ካላዩ ሥራው አለቀ አይሉሽም።»

ዙፋን ፈገግ ለማለት ሞከረች። ጨርቁ በእንጨቱ ላይ በተመላለሰ ቁጥር ቡናማው መልክ እየሞቀ፣ እየበራ፣ የደስታ ቤት ዕቃ እየመሰለ ሄደ። ዓይኗን ከእሱ አሽሽታ መደርደሪያው ላይ ስታሳርፍ እንደዚሁ የሚያበራ ትንሽ ሣጥን አየች። ክዳኑ ላይ ነጭ ክብ ምልክት አለበት።

«ይሄ ምን ሆኖ ነው ጋሽ ከፍያለው?»

«የበረዶ ውሃ ብርጭቆ አስቀምጠውበት ነዋ። ጎማ ላካ ውሃ አይወድም፤ ጠብ ባለበት ቦታ እንደ ለምጥ ነጭ ይሆናል። ብያቸው ነበር፣ ማን ይሰማኛል?» ሳቀ። «የአንቺ አያሳስብም። ሙሽራ ላይ ማን ውሃ ያፈሳል?»

«የሚለቀስበት ነው» አለች ዙፋን።

ጨርቁ ቆመ።

«አርፋለች» አለች፣ ዓይኗን ሣጥኑ ላይ እንደተከለች። «አቡ ዳቢ ነበር የምትሠራው። መስኮት ስትወለውል ከስድስተኛ ፎቅ ወደቀች ይላል ወረቀቱ። ማታ አብረን ነው የምንበረው። እኔ ከላይ፣ እሷ ከታች።»

ከፍያለው ጨርቁን አስቀምጦ ቆቡን አወለቀ። ዝም ብለሽ አስቀባሽኝ ብሎ ይቆጣል ብላ ስትፈራ፣ «እናት አላት?» ብሎ ብቻ ጠየቃት።

«አሏት። እማማ ዓለምጸሐይ ይባላሉ። ገና አልሰሙም። አጎቷ አቶ አባተ በስልክ መርዶ አይነገርም ብለዋል። ነገ አስከሬኑን ከአዲስ አበባ ተቀብለው ደሴ ያደርሳሉ፤ እሁድ ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎች ሄደው ያረዷቸዋል። የሬሳ ሣጥኑ አይከፈትም። ስለዚህ የሚያቅፉት ይሄንን ነው።»

አናጢው ፍሬሙን አንስቶ አሁን ገና እንደሚያየው ነገር አገላበጠው። ከዚያም አልኮል አፈሰሰበትና የቀባውን በሙሉ ያጥብ ጀመር። በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈገ፣ ለእሷም ለራሱም በማይመስል ድምፅ ተናገረ።

«ባዶውን ብንተወው የእጅ ወዝና እንባ ይጠጣል፤ አርባዋ ሳይወጣ ይጠቁራል። የተልባ ዘይት ደስ ይላል፣ ግን ሦስት ቀን ካላገኘ ይለቀልቃል። ሰም እንባ ያሳልፋል። እንባ የሚችለው ቫርኒሽ ነው። እሱም አንድ ቀን ይፈልጋል። መኪናሽ ስንት ሰዓት ነው?»

«አስር ሰዓት።»

«አሁን አራት ሆኗል። በጣም አቅጥኜ በጨርቅ እቀባውና ቆርቆሮው ላይ አወጣዋለሁ። የነሐሴ ፀሐይ ለአንድ ቀን እንኳ ትጥቀመን።»

«እንዳያብረቀርቅ ማድረግ ይቻላል?»

«ከደረቀ በኋላ አሽቼ ብርሃኑን አወርደው ነበር። ጊዜ የለም። ያበራል ልጄ።»

እየተቀባ እያለ ዙፋን የሰርካለምን የመጨረሻ ስልክ አስታወሰች። ወሩ ሲጀምር ነው። «ዙፊዬ፣ እዚህ ቤት አልችልም፤ መስኮቱ ያዞረኛል፣ እግሬ ይንቀጠቀጣል» ብላት ነበር። ዙፋን በዚያን ሰዓት አል ኸቢሲ ሰፈር በአሠሪዋ ቤት የእራት ዕቃ እያጠበች፣ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል አጣብቃ፣ «ትንሽ ታገሺ፤ ሁሉም መጀመሪያ እንዲህ ነው» አለቻት። ሰርካለም «እሺ» አለች። ዙፋን ያንን «እሺ» ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ትሰማዋለች።

ከፍያለው መሰላሉን ወጥቶ ፍሬሙን ጣሪያው ላይ አኖረ። እኩለ ቀን ሲያልፍ አውርዶ ደገመውና መለሰው። በመካከሉ የተቀቀለ ሽምብራ አቀረበላት፤ ፍልሰታ መሆኑን ሳይነጋገሩ ያውቁታል። ጥቂት ፍሬ ቀምሳ ተወችው።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ፎቶውንና መስታወቱን አስገብቶ በሁለት እጁ አመጣላት።

«ከላይ ደርቋል፤ ውስጡ ገና ነው። በወረቀት እንዳትጠቀልይው፣ ይይዛል። በጀርባው ብቻ ያዢው። እስከ ነገ ፊቱን አትንኪ።»

በግራ እጇ ከጀርባው ደግፋ እንደተቀበለችው ስልኳ ጮኸ። የኢትዮጵያ ቁጥር ነው።

«ዙፋንዬ፣ እኔ ነኝ፣ የሰርኬ እናት» አለ ከሩቅ የሚመጣው ድምፅ። «ዛሬ ልትመጪ ነው አሉኝ። እንኳን ደህና መጣሽ ልበልሽ እንጂ!»

«እንኳን ደህና ቆዩኝ እማማ።»

«ያቺ ልጅ ስልኳን አታነሳም። አሥር ቀኗ። ምን ሆና ነው?»

አቶ አባተ የነገሯት ቃል ምላሷ ላይ ነበር። «ከማዳሟ ጋር ሌላ አገር ሄዳለች በይ» ብለዋታል፤ ብዙ ጊዜ ተለማምዳዋለች።

«ከማዳሟ ጋር... ሄዳለች» አለች።

«እሱስ ቢሆን መንገር ነበረባት። እኔማ አንቺ አለሽ ብዬ ነው የላክኋት፤ አልሰጋም። ስሚኝ፣ ስትመለሺ የምትይዢላት ድርቆሽ እያሰናዳሁ ነው። በፆሙ ስትመኘው እንደምትከርም አውቃለሁ። ክረምቱ ነው አላደርቅ ያለኝ፤ ፀሐይ ብልጭ ስትል አወጣዋለሁ፣ ሲያካፋ እየሮጥኩ አስገባዋለሁ። እስክትመለሺ ይደርቃል?»

ዙፋን ሰርካለምን አየቻት። መስታወቱ ሥር ትስቃለች። አሁን ብነግራቸው፣ ብላ አሰበች፤ ማንም ሳይደግፋቸው፣ ብቻቸውን፣ ድርቆሹ በተሰጣበት ግቢ። ሁለት ሌሊት ብቻ ነው የቀራቸው። ሰርካለምን «ትንሽ ታገሺ» ያለው አፏ አሁን ደግሞ እናቷን ሊያቆይ ነው።

«ዙፋን? ተቋረጠ እንዴ?»

«አለሁ እማማ።»

«ይደርቃል ወይ ነው የምልሽ?»

«ይደርቃል» አለች። «አይሩጡ፤ ቀስ ብለው ያድርቁት።»

«ይዘሽላት ትሄጃለሽ?»

«እይዝላታለሁ።»

እናት ለመንገዷ ጸሎት አውርደው ዘጉ። ዙፋን ስልኩን ወደ ቦርሳዋ ስትመልስ ከፍያለው የግራ እጇን እያየ እንደሆነ አስተዋለች። ጣቶቿ ከጀርባ ነበሩ፤ አውራ ጣቷ ግን ከሰርካለም ራስ በላይ ባለው እንጨት ላይ ተተክሏል። ስታነሳው ቫርኒሹ ጥቂት ተከተለው። መስመሮቹ አንድ በአንድ የሚቆጠሩ አሻራ ቀረ።

«አምጪው» አለ ከፍያለው። «በጨርቅ አለስልሼ ልድገመው። ሁለት ሰዓት ቢሰጡኝ አይታወቅም።»

ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ።

«ይቅር ጋሽ ከፍያለው» አለች።

ሾፌሩ ሻንጣዋን ጫነላት። ዙፋን ከኋላ ወንበር ተቀመጠች፤ ፍሬሙን ፊቱን ወደ ላይ አድርጋ ጭኗ ላይ አኖረችው፤ መኪናውም ወደ አቡ ዳቢ ሄደ።